የሲሚንቶው አውድማ

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ቀድሞ የሚያነሣው የዓባይን በረሃ ነው፤ ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ቁልቁል ተወርዶ፣ ሹራብ ተወልቆ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ እንደገና እስከ ደጀን ሽቅብ መውጣት። በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ከቤተሰቤ ጋር ወደ እናቴ ቤት ስንጓዝ ግን መኪናው ውስጥ የነበረው ወሬ ስለ ገደሉ አልነበረም፤ ስለ አስፋልቱ ነበር። ለጥምቀት ከአሜሪካ የመጣችው የወንድሜ ልጅ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ መሬቱን ትመረምራለች። ለጥ ያለ ቦታ ባየች ቁጥር «እዚህስ ይቻላል?» ትላለች። ከኋላ ከሻንጣዎቹ በላይ የስኬት ጫማዋ ተቀምጧል፤ ነጭ ቦት ነው፣ ከያንዳንዱ ሥር አራት አራት ሮዝ ጎማ ያለው።

በረሃው ውስጥ የሚቻልበት ቦታ አልነበረም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው ተዳፋት መሬቱ ራሱ አይረጋም። ክረምት በገባ ቁጥር አፈሩ እየተንሸራተተ አስፋልቱን ይሰነጥቀዋል፣ ያጎብጠዋል፣ አንዳንድ ቦታ ግማሹን መንገድ ዝቅ ያደርገዋል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው ድልድይ ላይ ስንደርስ ብቻ የመኪናው ድምፅ ተለወጠ። መንገጫገጩ ቀረና ጎማው በአንድ ለስላሳ ዜማ መሄድ ጀመረ። «ይኼ! ይኼ ይሆናል!» አለች። ድልድዩ ግን ጠባቂ ያለው፣ ቆሞ ፎቶ እንኳ የማይነሡበት ስለሆነ ዝም ብለን አለፍነው። ልጅቷ አንገቷን አዙራ እስኪርቅ ድረስ አየችው።

ደጀን ላይ ብርዱ ተመልሶ ሹራቡ ተለበሰ። ከዚያ በኋላ ያለው አገር ሜዳ ነው፤ የትኖራ፣ ሉማሜ። ወቅቱ የውቂያ ነበርና የታጨደው የጤፍ ማሳ ገርጥቶ፣ ክምሩ በየቦታው ቆሞ፣ ከአንዳንዱ ክምር አጠገብ በሬዎች ሲዞሩ ይታያል። በስተሰሜን ጮቄ ደመና ለብሷል። ልጆቹ በሬዎቹን ቆጠሩ። እኔም ያን ጊዜ አውድማውን ከስኬቱ ጋር አላገናኘሁትም።

ወንድሜ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። በዚያ አገር ዓርብ ማታ ቤተሰብ ሁሉ ተሰብስቦ የሚሄድበት የስኬት ቤት አላቸው። ጣሪያ ያለው ትልቅ አዳራሽ ነው፣ ወለሉ የተወለወለ ጣውላ፣ ሙዚቃ የሚጮኽበት፣ ጫማ በኪራይ የሚገኝበት። ሕፃን የያዘች እናት በዳር በዳር ትሄዳለች፣ ጎረምሳው መሐሉ ላይ ትርኢት ያሳያል፣ አያቶች ከአጥሩ ወዲያ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ድንች ጥብስ እየበሉ ያያሉ። ልጅቷ ይህን ስታወራ ለእናቴ ቃል የገባችላት መሆኑ ገባኝ። በስልክ «እምዬ፣ ስመጣ ማታ ማታ ስኬት እንሄዳለን» ብላታለች። እናቴም ምን እንደሆነ ሳታውቅ «እሺ የኔ ዓለም፣ እንሄዳለን» ብላለች። ቃል ተገብቷል ማለት ነው።

ወንድሜ ስለዚያ አዳራሽ ሲያወራ አንድ ታሪክ ደጋግሞ ያነሣል። በአሜሪካ የስኬት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ጥቁሮችን አያስገቡም ነበር፤ ቢያስገቡም በሳምንት አንድ ማታ ለይተው ነው። ጥቁር ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው በሩ ላይ እየቆሙ ታግለው ነው የገቡት። በ1963 እ.ኤ.አ. ማርቲን ሉተር ኪንግ የተናገሩበት የዋሽንግተን ሰልፍ ሲጠራ ሌጀር ስሚዝ የሚባል ሰው ከቺካጎ ተነሥቶ ዋሽንግተን ድረስ በስኬት ጫማ ሄዷል፤ አሥር ቀን ፈጅቶበታል። ወንድሜ ይህን ለልጁ የሚነግራት ዓርብ ማታ የምትጫወትበትን ወለል በነፃ የተገኘ አድርጋ እንዳትቆጥረው ነው። እኔም ደብረ ማርቆስ ከደረስን በኋላ ነገሩን በሌላ መንገድ አሰብሁት። ቤተሰብ አብሮ የሚያመሽበት ቦታ ከሰማይ አይወርድም፤ አንድ ሰው ይጠይቀዋል፣ ሌላው ደግሞ ይሠራዋል።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,446 ሜትር ላይ ናት። ጥንት ምንቆረር ትባል ነበር፤ በ1845 ዓ.ም. ገደማ ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ከተማቸውን ተከሉባት፣ በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ከተማዋ በታቦቱ ስም ተጠራች። ጥር ላይ ፀሐይዋ ጠንካራ ናት፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ግን ብርዱ ያለ ማስጠንቀቂያ ይወርዳል። ሁሉም ጋቢውን ይደርባል። ወንዶች ወደ ቡና ቤትና ወደ ጠጅ ቤት ያመራሉ፣ ተማሪዎች በየካፌው በረንዳ ይሰበሰባሉ። እናቶችና ልጆች ግን በር ይዘጋሉ። ቤተሰብ ሙሉውን አንድ ላይ ከቤት የሚወጣው ለንግሥ፣ ለሰርግና ለለቅሶ ነው። ለጨዋታ ብሎ አያትን፣ እናትን፣ ሕፃንን ይዞ ማታ መውጣት በእኛ ሰፈር የተለመደ አልነበረም። ሰው ስላልፈለገ አይደለም። የሚሄድበት ስለሌለው ነው።

መጀመሪያ የሞከርነው በእናቴ በር ላይ ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ነው። ይህን ድንጋይ ሰፈሩ ይወደዋል፤ እኔም እወደዋለሁ። ከእርሱ በፊት ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያስቀር ነበር። ድንጋዩን ጠርበውና ደርድረው እንጀራ ያገኙበት የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በዚያው ገንዘብ ሱቅ ከፍተዋል። ለእግርና ለባጃጅ ደግ ነው። ለስኬት ግን አይሆንም። የስኬት ጎማ ቁመቱ ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ድንጋይና ድንጋይ መካከል ያለው ክፍተት ውስጥ ገብቶ ይሰነቀራል። ልጅቷ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ጥርሷ እየተንገጫገጨ አጥሩን ያዘች። ግቢው ውስጥ ያለው አፈር ነው። ዋናው አስፋልት የባጃጅና የአይሱዙ ነው፤ እዚያ ልጅ አይለቀቅም።

የጎረቤታችን ልጅ የመጣው በዚህ መካከል ነው። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ በኩሽኔታ ጋሪው ላይ በደረቱ ተኝቶ ቁልቁለቱን ከላይ ሲወርድ ድምፁ ቀድሞት ደረሰ። እንዲህ ያለውን ጋሪ ያልነዳ ወይም ያልተመኘ የከተማ ልጅ በአገራችን ጥቂት ነው። አንድ ጣውላ ነው፤ ከኋላ በተጠረበ እንጨት ጫፍና ጫፍ ሁለት ኩሽኔታ ተሰክቶበታል፣ ከፊት አንድ። የፊተኛው እንጨት በአንድ ብሎን ላይ ይዞራል፣ በገመድ ይመራል። ኩሽኔታዎቹ ጋራዥ ውስጥ ከመኪና የወጡ፣ ሥራቸውን ጨርሰው የተጣሉ ናቸው። ልጁ ከመካኒኮቹ ሲላላክላቸው ያገኛቸው ነው። ቅባት ሲያልቅ የሚያሰሙትን ጩኸት ለይቶ ያውቃል፤ በየትኛው በኩል እንዳለቀ ሳያይ ይነግርሃል።

የስኬቱን ጫማ ተቀብሎ ገለበጠው። አንዱን ጎማ በጣቱ መታ አድርጎ አሽከረከረና ጆሮው ድረስ አቀረበው። እስኪቆም ጠበቀ። ከዚያ «ውስጡ ኩሽኔታ ነው» አለ፣ ወደ ወንድሜ ልጅ ቀና ብሎ። «ትንሽ ኩሽኔታ። ጥሩ ነው፣ አሸዋ አልገባበትም።» ልጅቷ አማርኛዋ ደህና ነው፤ ኩሽኔታ የሚለውን ግን አታውቀውም ነበር። የራሱን ጋሪ ገልብጦ አሳያት። ሁለቱ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው ትልቁንና ትንሹን እያስተያዩ ብዙ ቆዩ።

ልጁ እውነቱን ነው። የስኬት ታሪክ የጎማ ታሪክ ከመሆኑ ይልቅ የኩሽኔታ ታሪክ ነው። በ1760ዎቹ እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ጆን ጆሴፍ መርሊን የሚባል መሣሪያ ሠሪ ጎማ ያለው ጫማ አድርጎ፣ ቫዮሊን እየተጫወተ ግብዣ አዳራሽ ገባና መታጠፍም መቆምም አቅቶት ውድ መስታወት ሰብሮ ራሱንም ክፉኛ ጎዳ ይባላል። መታጠፉን ያመጣው በ1863 እ.ኤ.አ. ጄምስ ፕሊምፕተን የተባለ አሜሪካዊ ነው። ጎማዎቹን ሁለት በሁለት አድርጎ፣ ከላያቸው ላስቲክ አስገብቶ፣ ሰው ሰውነቱን ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ጫማው አብሮት እንዲታጠፍ አደረገ። የስኬት አዳራሾችንም ያስፋፋው እርሱ ነው፤ ወንድና ሴት በጨዋ ደንብ አብረው የሚያመሹበት ቦታ እንዲሆን ፈለገ። በ1884 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌቫንት ሪቻርድሰን በጎማው ውስጥ የብረት ኳሶችን አስገባ። ከዚያ ወዲህ ልጅም ሽማግሌም ብዙ ሳይገፋ ይሄድ ጀመር። ዛሬ ጎማው ውስጥ የሚገባው 608 የሚባለው ቁጥር ነው፤ ውስጠኛው ቀዳዳ 8 ሚሊ ሜትር፣ ውጪው 22፣ መሐሉ ላይ ብዙውን ጊዜ ሰባት ኳሶች። በአንድ ጎማ ሁለት፣ በአንድ ጥንድ ጫማ አሥራ ስድስት። የጎረቤታችን ልጅ ጋሪ ሦስት አሉት።

ሜዳውን ያገኘልን የአጎቴ ልጅ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ የቅርጫት ኳስ ሜዳ አለ፤ ቅርጫቱ ከወደቀ ቆይቷል፣ ሲሚንቶው ግን ደህና ነው። ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው። እናቴ አብራን ባትኖር ኖሮ የሚያስገቡን አይመስለኝም። «እንዴት አመሹ አባቴ፣ ልጆቹ ትንሽ ይንሸራተቱ ብለን ነው» አለቻቸው። «ምን ላይ?» አሉ። ጫማውን አሳየናቸው። ጎማውን በጥርጣሬ አዩትና «ግቡ፣ ግን ስብራት እዚህ እንዳይደረግ» ብለው በሩን ከፈቱ።

እንዲህ ሆነን ነው የገባነው፦ እናቴ ጋቢዋን ደርባ፣ ባለቤቴ በርጩማ ተሸክማ፣ የአጎቴ ልጅ ሚስት ሕፃን አዝላ ፔርሙስ ይዛ፣ የጎረቤቱ ልጅና ሁለት እኅቶቹ፣ የእኔ ልጆች፣ ዳቦ ቆሎ በፌስታል። መጥረጊያ ያመጣችው እናቴ ናት። ከሁሉ በፊት ሜዳውን ዳር እስከ ዳር አስጠረገችን። «ጠጠር ካለበት እንዴት ይሆናል?» አለች። ይህን ማንም አልነገራትም።

የወንድሜ ልጅ ጫማዋን አሰረች፣ ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚቷ ላይ አጥብቃ። የጉልበትና የክርን መከላከያዋን አድርጋ፣ ሄልሜቷን ቆልፋ ተነሣች። ሁለት ጊዜ ገፍታ ለቀቀችው። ሜዳውን በዳር በዳር አንድ ዙር ዞረች፣ ማዕዘኑ ላይ አንዱን እግሯን በሌላው ላይ እያሻገረች። ሁለተኛውን ዙር በጀርባዋ ሄደች። ሁላችንም ዝም አልን። ጥበቃው ከዳሳቸው ወጥተው ቆሙ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭና «እኔን! እኔን!» ትላለች፣ ልጅቷ በተጠማዘዘች ቁጥር። ሦስተኛው ዙር ላይ እጇን አወረደች። ከዚያ ለራሷ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «ይህስ አውድማ ነው» አለች።

እናቴ ያደገችው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ ውቂያ ታውቃለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ስጠይቃት ዓይኗን ከልጅቷ ሳትነቅል ነገረችኝ። «መጀመሪያ ሣሩ ይጫራል። ከዚያ ውኃ ይረጭና በሬ ይነዳበታል፣ እስኪጠቀጠቅ። ከዚያ እበት ተበጥብጦ በእጅ ይለቀለቃል። ደርቆ ሲሰነጠቅ ይደገማል። አንዲት ጠጠር ብትቀር ጤፉ ውስጥ ገብታ ጥርስ ትሰብራለች፤ ስለዚህ መሬቱ እንዲህ ነው የሚሆነው።» በመዳፏ አየሩን አለሰለሰችው። «ከዚያ በሬዎቹ ይዞራሉ። ጨረቃ ከሆነች ማታም ይወቃል። እኛ ልጆች ሆነን ሁሉም እዚያ ነው የሚያመሸው፤ አባቴ በሬ ይነዳል፣ ወንድሞቼ በመንሽ ያገላብጣሉ፣ እናቴ ጠላና ቂጣ ይዛ ትመጣለች፣ እኛ ገለባው ውስጥ እንንከባለላለን። እንቅልፍ የወሰደውን ተሸክመው ያስገቡታል።»

የጎጃም ደጋ ሰው ከጥንት ጀምሮ መሬት አስተካክሎ፣ አለስልሶ፣ ጠርጎ፣ ዙሪያውን ቤተሰቡን ሰብስቦ ማምሸት ያውቃል። በየዓመቱ ሲሠራው ኖሯል። ከተማ ሲገባ ያጣው ይህንን ነው። ገና የሚጫወትበት መስክ ቤት ተሠራበት፣ ጉግስ የሚጋለብበትን አደባባይ መኪና ወሰደው፣ አውድማው ገጠር ቀረ። በምትካቸው የተሰጠው በረንዳና ቴሌቪዥን ነው። አንድ ከተማ ስንት ሆቴል፣ ስንት ባንክ እንዳለው ይቆጠራል፤ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ላይ የሚያመሹበት ስንት ካሬ ሜትር እንዳለው ግን ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። ለእኔ ይህ ጥያቄ ከስኬቱ ይበልጣል። ስኬቱ ሰበብ ነው፣ ግን ግሩም ሰበብ ነው፤ ለጥ ያለ መሬት ከሌለ ፈጽሞ አይሆንምና ያጣነውን ያሳየናል።

ጫማው አንድ ጥንድ፣ ልጁ ብዙ ነበር። መጀመሪያ በተራ ተደረገ፤ ተራው አልፈጠነም። መፍትሔውን ያመጣችው የጎረቤቱ ልጅ ታላቅ እኅት ናት። ግራውን ለራሷ፣ ቀኙን ለእኔ ልጅ። እግሯ ስለሚያንስ ሁለት ካልሲ ደረበች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች። በአንድ እግር እየገፉ በአንድ እግር እየተንሸራተቱ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው መሐል ሜዳ ድረስ ሄዱና አብረው ወደቁ። የወንድሜ ልጅ አሠልጣኝ ሆነች። «ጉልበት እጠፉ! ወደ ኋላ አትውደቁ፣ ወደ ፊት! ስትወድቁ ጣታችሁን ጨብጡ፣ ሌላ ሰው እንዳይሄድበት!» እናቴ ከበርጩማዋ ትደግምላታለች፦ «ጉልበትህን እጠፍ ትልሃለች እኮ! እጠፍ!» ትንሹ ልጄ ቅርጫቱ የወደቀበትን ምሰሶ አቅፎ አልለቅ አለ። ጥበቃው ሄደው ዱላቸውን ዘረጉለት። እርሳቸው እየተራመዱ፣ እርሱ በሁለቱም ጫማ እየተንሸራተተ፣ የዱላቸውን ጫፍ ይዞ ሜዳውን ሙሉ ዞረ። ሲመለሱ ሁለቱም ላብ አጥምቋቸዋል።

የጎረቤቱ ልጅ ተራው ሲደርስ ጫማውን አላደረገም። ጋሪውን አምጥቶ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠና ተኛበት። ድንጋይ ላይ የሚጮኸው ጋሪ እዚህ ድምፁ ሌላ ሆነ። የወንድሜ ልጅ ከኋላ ገፋችው፣ እርሷ በጎማዋ እርሱ በኩሽኔታው ዳር እስከ ዳር ሄዱ። ከዚያ ማታ ሁሉ የበለጠ የተሳቀው በዚህ ነው።

መብራት የሄደው ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው። የአጎቴ ልጅ መኪናውን ወደ በሩ አስጠግቶ የፊት መብራቱን አበራልን። ማንም እንሂድ አላለም። ሰዎች መጨመራቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ከሰርግ የሚመለሱ ሁለት ቤተሰቦች ቆመዋል፣ የበዓል ልብስ የለበሱ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለዋል። ጥበቃው «ግቡ እንጂ፣ ምን ያስቆማችኋል» አሉ፣ ቀድመው ስለ ስብራት ያስጠነቀቁን ሰው። ባለቤቴ ከፔርሙሱ ቡና ቀዳች። ስኒው ስላልበቃ በክዳኑም ተጠጣ።

አዲስ አበባ ይህን ትንሽ ትንሽ ጀምራዋለች። በ2008 ዓ.ም. ወጣቶችና ከውጭ የመጡ በጎ ፈቃደኞች ተረባርበው የስኬትቦርድ ሜዳ ሠርተዋል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር አንዳንድ እሑድ አውራ ጎዳናው ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለስኬት ተለቀቀ። በ2013 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ታድሶ ከተከፈተ ወዲህም ማታ ማታ ልጆች ስኬት ይጫወቱበታል፣ ወላጆች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ግን በዚያው ከተማ የአይሱዙ ጀርባ ጨብጠው ቁልቁለት የሚወርዱ ልጆችም አሉ። ሳያቸው ልቤ ይርዳል። ድፍረት ተርፏቸው ብቻ አይደለም፤ የሚሄዱበት ለስላሳ መሬት የመኪና መንገድ ብቻ ስለሆነ ነው።

ለመካከለኛ ከተማ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ሃያ በአርባ ሜትር ቢሆን 800 ካሬ ነው። በደንብ የተመታ አፈር፣ ከላዩ ኮንክሪት፣ ከኮንክሪቱ በላይ ጥሩ ሊሾ። ሊሾ አድራጊ በየከተማው አለ፤ በየሰው ሳሎን የሚያደርገውን እዚያ ያድርገው። ደብረ ማርቆስ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፣ ስለዚህ ሜዳው እግር የማያውቀው ትንሽ ዘንበል ማለት አለበት፣ ውኃው ወደ አንድ ወገን እንዲሄድ። መጋጠሚያው ጠባብ ይሁን፣ ጎማ እንዳይይዝ። ዙሪያውን ጉልበት የሚያህል ግንብ፤ ለሚማር መያዣ፣ ለአያቶች መቀመጫ ይሆናል። በአራቱ ማዕዘን መብራት። መብራቱ ላይ አልደራደርም፤ ቤተሰብ አብሮ ጊዜ የሚያገኘው ሲመሽ ነውና። እናትና ሴት ልጅ ማታ የማይመጡበት ሜዳ የጎረምሶች ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጫማ ማከራየት የሚፈልግ ወጣት አይጠፋም፤ ሃያ ጥንድ በተለያየ ቁጥር ይዞ፣ አንድ ቁልፍና ትርፍ ኩሽኔታ አጠገቡ አስቀምጦ እንጀራውን ይበላበታል።

ይህን ሁሉ የአጎቴ ልጅና እኔ ወደ ቤት ስንመለስ እያወራን ሄድን፤ እርሱ ግንበኛ ስለሆነ ስለ ሲሚንቶው ከእኔ የበለጠ ተናገረ። ለሚመለከታቸው እንጽፋለን ተባባልን፣ ንድፉንም በወረቀት ላይ አወጣው። የዚያው ዓመት ክረምት ግን ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በከተሞቹ የሰዓት እላፊ ተጣለ። ስልክ የሚሠራበትም የማይሠራበትም ጊዜ ሆነ። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ እኛም እንሄዳለን ስንል እየቀረን። እናቴ በደወልሁ ቁጥር «ደህና ነን፣ በጊዜ እንገባለን» ትለኛለች። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው። በውስጡ ያለውን ግን አውቃለሁ፤ አመሻሽ የሚባለው የቀኑ ክፍል ከሰው ሕይወት ተወስዷል። ፀሐይ ስትጠልቅ ልጅ ይጠራል፣ በር ይቆለፋል፣ ድምፅ ይደመጣል። ሰላም ሲባል ስለ ትልልቅ ነገሮች ይወራል፣ ይገባልም። እኔ ግን ሰላም ስል የምፈልገው የማውቀው ነገር አለ። አንዲት አሮጊት በሁለት ሰዓት ማታ፣ በጋቢ ተጀቡና፣ ያለ ስጋት ደጅ ተቀምጣ ቡና የምትጠጣበትን ምሽት ነው የምፈልገው። ከዚህ ያነሰውን ሰላም አልለውም።

የወንድሜ ልጅ ስትመለስ ጫማውን ለጎረቤቱ ልጆች ትታላቸው ሄዳለች። እግሯ አድጎ ሊጠባት ስለነበር አልከበዳትም፤ ለሌሎቹ ደግሞ ገና ሰፊ ነበር። ትልቋ ልጅ በቀን፣ በእናቴ በረንዳ ላይ ነው የምትለማመደው። በረንዳው አራት ሜትር አይሞላም፣ ሊሾ ነው። ከግድግዳ ግድግዳ ሦስት ግፊት ነው፣ መዞር የተማረችው ግን በዚያ ነው። እናቴ አጠገቧ ጥጥ ትፈትላለች።

በቅርቡ ስልኩን የወሰደው ታናሽ ወንድሟ፣ ባለ ጋሪው ነው። ሰላምታውን ቶሎ ቶሎ ጨርሶ ወደ ጉዳዩ ገባ። ከአሥራ ስድስቱ ኩሽኔታ አምስቱ ዝገዋል፤ በናፍጣ አጥቦ ዘይት አድርጎ ሞክሯል፣ ሁለቱ ዳኑ፣ ሦስቱ አልሆኑም። ቁጥሩን ከጠርዙ ላይ አንብቦልኛል፣ 608 ይላል። ከመርካቶ ገዛሁና መንገድ ተከፍቶ ወደ ማርቆስ በሚሄድ ሰው ላክሁለት። መድረሱን ሊነግረኝ ሲደውል አመሰገነኝ፣ እኅቱም አመሰገነችኝ፣ እናቴም መረቀችኝ። ልጁ ስልኩን መልሶ ተቀበለና ለሚቀጥለው ጊዜ ትልልቁን፣ የመኪናውን፣ ሦስት እንድጨምርለት ጠየቀኝ፦ አዲስ ጋሪ እየሠራ ነው፣ ሁለት ሰው የሚያስተኛ።